ለሰፊዋ ቲቪ

ሰፈሩ «ጋሼ ኦፕሬተር» ነው የሚለው። እናትና አባቱ ያወጡለትን ስም የሚያውቁት ባለቤቱና ጡረታ የሚከፍለው መሥሪያ ቤት ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ሲኒማ ቤት ጣሪያ ሥር፣ ሁለት ሰው በማይተላለፍባት ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ ፊልም ሲያሳይ ኖሯል። ሲኒማ ቤቱ የቤት ዕቃ መሸጫ ከሆነ ቆየ። መቀመጫዎቹ ተነቅለው አልጋና ቁም ሳጥን ተደርድሮበታል፤ ኦፕሬተሩም በዚያ በኩል ሲያልፍ አንገቱን አቀርቅሮ ነው። ቅጽል ስሙ ግን አብሮት ጡረታ አልወጣም።

የሚገርመው፣ ይህ ሰው ያን ሁሉ ዘመን ፊልም አሳይቶ አንድም ፊልም በወጉ አላየም። ማን ማንን እንዳገባ፣ ማን ማንን እንደከዳ ቢጠይቁት አያውቅም። ዓይኑ የሚሄደው ወደ ጠርዙ ነው። ምስሉ ሸራውን ሞልቷል ወይ? አልደበዘዘም ወይ? ከንፈርና ድምፅ ገጥመዋል ወይ? በቃ፣ ሌላው የተመልካቹ ጉዳይ ነው። በወጣትነታቸው ባለቤቱ «እስቲ ትናንት ያሳየኸውን ፊልም አውራኝ» ብትለው «ጥርት ያለ ነበር» ብሏት እርፍ አለ። እስከ ዛሬ ትተርበዋለች። ከንፈር ቀድሞ ድምፅ የዘገየ ዕለት ግን አዳራሹ በፉጨት ይደበላለቅ ነበርና፣ አሁንም ድረስ መንገድ ላይ ሰው ሲያፏጭ የሰደቡት ያህል ትከሻውን ይሰብቃል።

ጡረታ ከወጣ በኋላ ከኩሽናው ጎን ያለችውን ዕቃ ቤት አጸዳና አንድ አሮጌ ኮምፒውተርና የዲስክ መጻፊያ አስገባ። ሥራው የሰዎችን የስልክ ቪዲዮ ወደ ዲቪዲ መለወጥ ነው። ዘመኑ የስልክ ነው ቢባልም፣ በየቤቱ ከቲቪው ሥር አሮጌ ዲቪዲ ማጫወቻ ያስቀመጠ፣ ስልክ መነካካት የሚያስጠላው፣ ዓይኑ የደከመ ሰው ሞልቷል። ኦፕሬተሩ ለዚህ ሥራ አንድ ሕግ አለው፤ የሰው ፊልም የሰው ገመና ነው። የማን እንደሆነ፣ ለማን እንደሚሄድ ለባለቤቱ እንኳ ትንፍሽ አይልም። ይህች ሕግ ጥሩ ሕግ ናት። አንድ ጊዜ ግን ጉድ ሠርታዋለች።

ሰኞ ረፋዱ ላይ አንዲት ነርስ የሥራ ልብሷን እንደለበሰች በሩን አንኳኳች። ከላይኛው ሰፈር ነው የመጣችው፤ እየተጣደፈች ነበር።

«ጋሼ፣ ይሄንን ወንድሜ ነው የላከው» አለች ፍላሽ እያቀበለችው። «ስድስት ደቂቃ ነው። እናቴ በቲቪ እንድታየው ፈልጌ ነው፤ ዓይኗ ደከም ስላለ በስልክ አይሆንላትም። እስከ ሐሙስ ይደርስልኛል?»

«ምን ያስቸኩልሻል ልጄ?»

«ተዛውሬያለሁ። በሚቀጥለው ሰኞ ሌላ ከተማ ሥራ እጀምራለሁ፤ የማድረውም ከሦስት ነርሶች ጋር በአንድ ክፍል ነው፣ እናቴን ይዤ አልሄድ ነገር። ብቻዋን ልትቀር ነው። ወንድሜ ‹እኛ ጋ ነይ› ይላታል፤ እሷ ደግሞ ‹እዚያ ሄጄ ከማን ጋር ላወራ ነው?› ብላ ሁለቴ እምቢ ብላዋለች። ይሄ የመጨረሻው ልመናችን ነው። ይሄንን አይታ እሺ ካላለች…» አልጨረሰችውም፤ ሰዓቷን አየች።

«ይደርሳል» አላት። «በየትኛው ቲቪ እንደምታየው ብቻ እዚህች ላይ ጻፊልኝ።» ደንበኛ ሁሉ እንዲህ ይጻፍለታል፤ ቲቪው የተለያየ ነውና ዲስኩም እንደ ቲቪው ነው የሚዘጋጀው። ነርሷ ብጣሿን ወረቀት በጉልበቷ ላይ አድርጋ ጫር ጫር አደረገችና ሮጠች።

ኦፕሬተሩ መነጽሩን አድርጎ አነበበ። «ለሰፊዋ ቲቪ» ይላል።

አንጀቱ ቅቤ ጠጣ። የደንበኞቹ ቲቪ አብዛኛው እንደ ሣጥን አራት ማዕዘን የሆነው የድሮው ዓይነት ነው። የስልክ ቪዲዮ ደግሞ በወርዱ ሰፊ ስለሆነ፣ ለእነዚያ ቲቪዎች ሲሠራ ከላይና ከታች ጥቁር ጠርዝ መተው ግድ ይላል። ያ ጥቁር ጠርዝ ኦፕሬተሩን ሆዱን ያቃጥለዋል፤ ሸራውን ያልሞላ ፊልም ለእሱ ሸሚዙን ያልቆለፈ ሰው ነው። አሁን ግን ተመስገን፣ ሰፊ ቲቪ ያላት ደንበኛ መጣች። ቲቪን እንደ ሴት «ሰፊዋ» ብላ መጥራቷም ደስ አለው። ፕሮግራሙ ላይ «ሰፊ» የሚለውን መርጦ እጁን አሻሸ።

ፋይሉን ሲከፍተው ድምፅ አለ፣ ምስል የለም። ስክሪኑ ድርግም ብሎ ከጨለማው ውስጥ ሰው ያወራል። አልደነገጠም። የዘንድሮ ስልኮች ቪዲዮውን ቦታ እንዳይፈጅ ጭምቅ አድርገው በአዲስ ዘዴ ነው የሚያስቀምጡት፤ የእሱ ፕሮግራም ደግሞ ያ ዘዴ ሳይታሰብ በፊት የተጫነ ነው። ከኢንተርኔት የመለወጫ ፕሮግራም አወረደና ፋይሉን ዲቪዲ ማጫወቻ ወደሚያውቀው ወደ አሮጌው ዓይነት እንዲለውጥለት አዘዘው። ኮምፒውተሩ እንደ ወፍጮ ማጓራት ጀመረ። በመጨረሻ ምስሉ መጣ፤ ሦስት ሰዎች ሶፋ ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። መሃል ላይ ልጁ፣ የነርሷ ወንድም፣ በግራ ሚስቱ፣ በቀኝ ጥግ ላይ ስድስት ዓመት የሚሆናት ሴት ልጃቸው። ልጁ «እማዬ» ብሎ ይጀምራል። ሲያወራ እጁ አያርፍም። ኦፕሬተሩም «ወሬ የሚያደምቅ ሰው ነው» ብሎ አለፈው።

ማክሰኞ የመጀመሪያውን ዲስክ ጻፈና በራሱ ማጫወቻ ሞከረው። አራተኛው ደቂቃ ላይ ሲደርስ ምስሉ ደርቆ ቀረ። ይህም አዲስ ነገር አልነበረም፤ ዲስኩን ቸኩሎ በከፍተኛው ፍጥነት ነበር የጻፈው፣ በጥድፊያ የተጻፈ ዲስክ ደግሞ አሮጌ ማጫወቻን ያንቀዋል። ሁለተኛውን በዝግታ ጻፈው፤ እስከ መጨረሻው ሄደ። ግን በስድስተኛው ደቂቃ ላይ ያየው ነገር ወሽመጡን ቆረጠው። የልጁ ከንፈር ተናግሮ ጨርሶ፣ ድምፁ ከኋላ እየተንጠባጠበ ነው የሚመጣው።

የስልክ ካሜራ አመለኛ ነው። ብርሃን ሲያገኝ በሰከንድ ሠላሳ ምስል ያነሳል፤ ደመና ሲመጣ ወደ ሃያ አራት ይወርዳል። ዲቪዲ ደግሞ «ሃያ አምስት ካልኩ ሃያ አምስት ነው» የሚል ግትር ነው። ሁለቱን ሲያስታርቁ ድምፁ መሃል ላይ ይጎዳል፤ መጀመሪያ ላይ ልክ ይሆንና እየቆየ ወደ ኋላ ይቀራል። ሌላ ሰው ቢሆን «ምን አለበት፣ ይሰማ የለም ወይ» ብሎ ይተወው ነበር። ኦፕሬተሩ ግን ጆሮው ላይ ፉጨት መጣበት።

ቀሪውን ማክሰኞና ረቡዕን ሙሉ በዚሁ ተጠመደ። መጀመሪያ ቪዲዮውን ወጥ በሆነ ፍጥነት እንደገና አስለወጠው። ከዚያ ድምፁን ከምስሉ ለይቶ ቆራረጠውና ቁራጭ በቁራጭ ይገጥም ጀመር። ለዚህ የራሱ ዘዴ ነበረው። ልጁ በየጥቂቱ «እማዬ» ይላል፤ «ማ» ሲባል ደግሞ ሁለቱ ከንፈሮች የግድ ይገጥማሉ። ከንፈሩ የገጠመበትን ምስል ፈልጎ «ማ»ን እዚያ ላይ ያስቀምጣል። ስድስት ደቂቃ ውስጥ ሃያ ሁለት «እማዬ» አለ። ሚስትየው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የተናገረችው፤ ለእሷም ደከመላት። ጥግ ላይ ያለችው ሕፃን ድምፅ ስለሌላት ከሥራው ነፃ ናት፣ ዞር ብሎም አላያት።

ረቡዕ ከሰዓት ባለቤቱ ከኩሽና ብቅ አለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ይሄ ልጅ ከጠዋት ጀምሮ እማዬ እማዬ ሲል ዋለ እኮ። እናቱ ምነው አቤት አትለውም?»

«ሥራ ላይ ነኝ» አላት ሳይዞር።

«የማን ልጅ ነው ግን?»

«የሰው ልጅ ነው።»

«ገመና!» አለችና ሳቋን ይዛ ተመለሰች።

ሐሙስ ጠዋት አራተኛው ዲስክ አለቀ። ሃያ ሁለቱም «ማ» ከሃያ ሁለቱ የከንፈር ግጥሚያ ጋር ጥፍር ተደርገው ታስረዋል፤ ምስሉም ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሞልቷል። ነርሷ ወደ ሥራ ከመሄዷ በፊት መጥታ ወሰደችው። «ድምፁን ልብ ብለሽ አድምጪው» አላት፣ ኩራቱ እያመለጠው። ግር እንዳላት ፈገግ ብላ «እሺ ጋሼ፣ ለእናቴ ማጫወቻው ውስጥ ከትቼላት እሄዳለሁ» አለችና ሄደች።

ዓርብ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። አንገቷ ላይ ሜትር የጠመጠመች፣ ወፍራም መነጽር ያደረገች አንዲት ትልቅ ሴት ቆማለች። በእጇ ያ ዲስክ አለ።

«ይግቡ፣ ይግቡ! የነርሷ እናት ነዎት?» አለ ኦፕሬተሩ። «እንዴት ነው? ድምፁ ከከንፈሩ ጋር ገጠመልዎ?»

ሴትዮዋ አፉን ትኩር ብላ አየች። ያልሰማችው መስሎት ድምፁን ከፍ አድርጎ «ድምፁ! ጥሩ ነው?» አለ። ሴትዮዋ ጆሮዋን በጣቷ ነካ አደረገችና ጣቷን ወዲያና ወዲህ ወዘወዘች።

ሃያ ሁለቱ «እማዬ» አንድ በአንድ በኦፕሬተሩ ፊት አለፉ። ሁለት ቀን ሙሉ ላቡ ጠብ እስኪል የገጠመው ድምፅ ለማትሰማ ሴት ነበር። ያ የማያርፈው እጅም ወሬ ማድመቂያ ሳይሆን ራሱ ወሬው ነበር። «ከማን ጋር ላወራ ነው» ያለችውም ይኸው ነው ለካ፤ በዚያ ቤት በእጅ የሚያናግራት ልጇ ብቻ ነው። አፈረ። በዚህ ዕድሜው ፊቱ ፍም መሰለ።

ሴትዮዋ ግን ለእሱ ማፈር ጊዜ አልነበራትም። የደንበኞቿን ልክ የምትጽፍበትን ደብተር ከቦርሳዋ አውጥታ እንዲህ ብላ ጻፈችለት፦ «ጥግ ላይ የልጅቷ ክርን ይንቀሳቀሳል። እጇ የለም። ምን እንዳለች ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ኦፕሬተሩ ዲስኩን ኮምፒውተሩ ላይ አጫወተው። የእሱ ስክሪን ሰፊ ነው፤ ሕፃኗ ከነእጇ ቁጭ ብላለች። «ይኸው!» ብሎ አሳያት። ሴትዮዋ ደብተሩን ተቀብላ የራሷን ቲቪ ሣለችለት፤ ጀርባው የተቆለለ፣ እንደ ሣጥን አራት ማዕዘን የሆነ ያ የድሮው ዓይነት። ማጫወቻዋ ሰፊ የተባለውን ምስል እዚያ አራት ማዕዘን ውስጥ ሊከት ሲል ግራና ቀኙን ቀንጥሶታል።

«ሰፊ ነው ተባልኩ እኮ!» አለና፣ እንደማትሰማው ትዝ ሲለው ብጣሿን ወረቀት ከመሳቢያ አውጥቶ ሰጣት። ሴትዮዋ አነበበች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ያለ ድምፅ እየሳቀች ነበር። ጣቷን ከወረቀቱ ላይ ወደ ደረቷ አመለከተች፣ ከዚያ በአየር ላይ መርፌ ይዛ ክር ሳበች።

ሰፊዋ እሷ ናት። ልብስ ሰፊዋ። «ለሰፊዋ ቲቪ» ማለት የልብስ ሰፊዋ ቲቪ ማለት ነው። በአፍ ቢነገረው ኖሮ አይሳሳትም ነበር፤ ወረቀት ላይ ግን መጥበቅና መላላት አይታይም። ላይኛው ሰፈር «ሰፊዋ» ሲባል ሌላ ሰው ስለሌለ፣ ነርሷም ሰው ሁሉ እናቷን የሚያውቃት መስሏት ነው የጻፈችው።

በዚህ መሃል ባለቤቱ ከገበያ ገባች። «እንዴ! እትዬ ሰፊዋ!» ብላ ዘንቢሏን ጥላ ሳመቻት፤ በእጇም እንዳቅሟ ደኅንነቷን ጠየቀቻት።

«ትተዋወቃላችሁ?» አለ ኦፕሬተሩ።

«ቀሚሶቼን ማን የሰፋቸው መሰለህ?»

«እንደማትሰማስ ታውቂያለሽ?»

«ሰው ሁሉ ያውቃል። ለእሷ መሆኑን ነገርከኝ እንዴ? ገመና ነው አልክ!» አለችው።

ሰፊዋ ወንበር ሳበችና ከስክሪኑ ፊት ተቀመጠች። ኦፕሬተሩ ከመጀመሪያው አስጀመረላት። ልጇን አየችው፣ ምራቷን አየቻት፤ ዓይኗ ግን ጥጉን ለቆ አልሄደም። አራተኛው ደቂቃ ላይ አባትየው ሕፃኗን ጎሸም አደረጋት። ሕፃኗም ቀና ብላ፣ ምላሷን በጥርሷ ነክሳ፣ በትንንሽ እጆቿ አንድ ነገር አለች። አፏ አልተንቀሳቀሰም። ኦፕሬተሩ በሠላሳ አንድ ዓመትና ከዚያም ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠርዙን ትቶ ሰውን አየ። ይህችን ልጅ ሦስት ቀን ሙሉ ዓይኑ ሥር አስቀምጦ አላያትም ነበር።

ሰፊዋ ጣቷን አዙራ «ድገመው» አለችው። ደገመው። እንደገና አዞረች። በሦስተኛው ላይ ተነስታ ወደ ስክሪኑ ተጠጋች፣ የሕፃኗን እጅ በጣቷ ነካችና ወደ ደብተሩ ተመልሳ ጻፈች፦ «ስህተት ነው።»

«ደግሞ ምኑ?» አለ ኦፕሬተሩ። ማውዙን ይዞ ፍጥነቱን፣ ወርዱን፣ ያለውን ሁሉ ሊነካካ ሲል ሰፊዋ እጁን ያዘችው። ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ የራሷን እጅ በሕፃኗ እጅ ትክክል ስክሪኑ አጠገብ ከፍ አደረገች፤ አውራ ጣቷን መጀመሪያ እንደ ሕፃኗ ወደ ውስጥ አጠፈችው፣ ቀጥላ ወደ ውጭ አወጣችው። በደብተሩ ላይ፦ «‹አያቴ ነይ› ማለቷ ነው። ጣቷን ስላጠፈችው ግን ‹አያቴ ሳሙና› ሆነ።»

ባለቤቱ ሳቀች። ሰፊዋም ሳቀች፤ እየሳቀች መነጽሯን አውልቃ ዓይኗን በሜትሩ ጫፍ ጠረገች። ቀጥላም «አባቷም ልጅ ሆኖ እጁ ሰነፍ ነበር። ማን ያርማት?» ብላ ጻፈችና፣ መልስ ሳትጠብቅ ደብተሯን ዘጋች።

ከመሄዷ በፊት የኦፕሬተሩን ስልክ፣ ቀጥሎም ራሷን አመለከተች። ገባው። መስኮቱ አጠገብ አስቀመጣትና ቀረጻት። ያቺን የእጅ ቃል በዝግታ ሦስት ጊዜ አሳየች፤ በሦስቱም ጊዜ አውራ ጣቷን በሌላው እጇ ጠቆም እያደረገች። ከዚያ እሱ ያልገባውን አጭር ነገር ጨመረችና እጆቿን ጉልበቷ ላይ አሳረፈች። እሺም እምቢም ስትል አላያትም፤ ሊጠይቃትም አልደፈረም።

ዲስኩን ለአራት ማዕዘኑ ቲቪ፣ ከላይና ከታች ጥቁር ጠርዝ ትቶ፣ ከሰዓት በኋላ ሠርቶ ጨረሰው። አመሻሹ ላይ ነርሷ ከሥራ መልስ መጣች። በዚያ ሰሞን ድካም ፊቷ ግርጥት ብሏል።

«ጋሼ፣ አሁን ቤት ስገባ እናቴ ምንም ልትነግረኝ አልፈለገችም። ኦፕሬተሩ ጋ ሂጂ ብቻ ነው ያለችኝ። ተቆጥታለች እንዴ?»

ኦፕሬተሩ ዲስኩን በአንድ እጁ እንደያዘ ስልኩን ሰጣት። ነርሷ ቆማ አየችው። እንደገና አየችው። ከዚያ የበሩን መቃን ተደገፈች።

«ምን እንዳለች ገብቶዎታል?» አለች።

«የልጅቷን ጣት ያረመቻት መስሎኛል።»

«እሱ መጀመሪያው ነው።» እንባዋን ለመጥረግም አልሞከረች። «መጨረሻ ላይ ‹ይሄንን ተለማመጂ፤ እሑድ ስመጣ አይሻለሁ› ነው ያለቻት።»

«እሑድ? የዛሬ ሁለት ቀን?»

«የዛሬ ሁለት ቀን» አለች ነርሷ፤ ቪዲዮውንም እዚያው በሩ ላይ እንደቆመች ለወንድሟ ላከችው።